ዶክተር ቨርኒስና የአክስቴ ዩላ ባርኔጣ

እናቴ ዶክተር ለመሆን እየተማረች እንደሆነ ከሰፈራችን ሰው ሁሉ ቀድሜ ያወቅሁት እኔ ነኝ። ሰባት ዓመቴ ነበር። ማንም አልነገረኝም፤ በራሴ ጥረት ነው የደረስኩበት። ወሬውን በቤተ ክርስቲያን የነዛሁትም እኔው ነኝ። እስከ ዛሬ ድረስ ግን ጥፋቱ የመጽሐፉ ነው ባይ ነኝ።

መጽሐፉ እናቴ አልጋ ሥር በፎጣ ተጠቅልሎ ነበር የሚቀመጠው። አንድ ቀን እሷ ጓሮ ልብስ ስታሰጣ ገብቼ ፈታሁት። መጀመሪያ የወጣልኝ ጥርሱን ያገጠጠ የራስ ቅል ነው። ገለጥ ሳደርገው ቆዳው የተገፈፈ ፊት፣ ቀጥሎ ደም ሥር፣ ቀጥሎ ደግሞ እከክ የወረሰው የሰው አንገት። አጠገቡ የተተኮሰ ነጭ ጋዋን አለ። ይኼ አልበቃ ብሎኝ ከጀርባው ያለውን ቦርሳ ስከፍት የአንዲት ሴት ጭንቅላት ዓይኑን አፍጦ አየኝ። ጸጉሩ ረጅም ነው፤ ከንፈሩ ቀይ ነው። ከአንገት በታች ምንም የለም። አልጮህኩም። እናቴ ሥራ እየሠራች ነው ብዬ ቦርሳውን ቀስ ብዬ ዘጋሁት።

ከዚያ በኋላማ ሁሉም ነገር ግልጽ ሆነልኝ። የአሠሪዋን የሚስስ ፕሬንቲስን አንሶላ ስታጥብ ለብቻዋ የምታነበንበው ለካ የአጥንት ስም ነው። ቅዳሜ ማታ ከትምህርት ስትመለስ ልብሷ የተቃጠለ ነገር፣ የተቃጠለ ነገር የሚሸተውም ሬሳ ስለሚያቃጥሉ ነው።

ልጅነት ይቅር ይበለኝ እንጂ፣ ነገሩ እንዲህ ነበር። በዚያን ጊዜ በአሜሪካዋ ጆርጂያ የጸጉር ቤት ከፍቶ ስምን በመስኮት ላይ ለማጻፍ መንግሥት ፈቃድ ይጠይቃል። ፈቃዱን ለማግኘት ደግሞ የራስ ቅል አጥንቱን፣ የቆዳ በሽታውን፣ የጀርሙን ዓይነት ሁሉ ማጥናት ግድ ነው። ጭንቅላቷም የመለማመጃ አሻንጉሊት ናት። ግን እኔ ይህን ከየት አምጥቼ ልወቅ? በእኛ በጥቁሮቹ ሰፈር ጸጉር ማለት ቅዳሜ ቅዳሜ በየወጥ ቤቱ፣ ምድጃ ላይ በጋለ ብረት ማበጠሪያ የሚተኮስ ነገር ነው። እናት ሁሉ የምትችለው ሥራ ነው፤ እንደ ሳህን ማጠብ። ለሳህን ማጠብ ደግሞ ማንም ትምህርት ቤት አይገባም። እናቴም ለእኔ አልነገረችኝም፤ አፌ ወንፊት ስለነበር። ልብስ የምታጥብላት ሚስስ ፕሬንቲስ ከሰማች ከሥራ እንደምታባርራት ታውቃለች።

ከእናቴ ጋር በዚህ ነገር ስትከራከር የምሰማት አክስቴ ዩላ ነበረች። አክስቴ የአባቴ ታላቅ ናት። አባቴ ባቡር ላይ ስለሚሠራ ቤታችንን የሚጠብቀው የእሷ ምላስ ነበር። ጥቁር ባርኔጣ አለቻት፤ ላባ የተሰካባት። ከእንቅልፏ ስትነሳ ታደርጋታለች፤ እሷን እንዳደረገች ትበላለች፣ ትጸልያለች፣ ዶሮ ታርዳለች። ያለ ባርኔጣ ያያት ሰው የለም። አንድ ቀን ለምን እንደማታወልቃት ጠየቅኋት።

“ባወልቃት አእምሮዬ ይበናል” አለችኝ። “አንቺ ባርኔጣ ስላላደረግሽ አይደል እንዲህ የሆንሽው?”

አመንኳት። ለብዙ ጊዜ መሀል አናቴን በእጄ ይዤ ነበር የምሄደው።

አንድ ጠዋት ወጥ ቤት ሲነጋገሩ ከበሩ ኋላ ቆሜ ሰማኋቸው።

“የእኔ እናት በአንድ ጥርሱ በረገፈ ማበጠሪያ ስንቱን ልጅ አሳደገች” ትላለች አክስቴ። “አንቺ ለዚህ ትምህርት ቤት ትመላለሺያለሽ። እግርሽ እስኪነቃ!”

“መስኮት ያለው ቤት ነው የምፈልገው፣ እትዬ ዩላ” አለች እናቴ። “ስሜ ያለበት። ጋሼ ታሊ የጫማ መጠገኛ ቤታቸውን እስከ ወሩ መጨረሻ ይዘውልኛል። ወረቀቱን ካሳየኋቸው ቁልፉ የእኔ ነው።”

“ብትወድቂስ?”

“ከወደቅሁማ ቤቱን ለሌላ ይሰጡታል። እኔም ዕድሜ ልኬን የሰው አንሶላ አጥባለሁ።”

አክስቴ ባርኔጣዋን ወደ ታች ጎተት አደረገችና ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች። እኔ በበኩሌ የጋሼ ታሊ ጫማ ቤት ነጭ ቀለም ተቀብቶ፣ በሽተኛ በበሩ ተኮልኩሎ ታየኝ።

እሑድ በሰንበት ትምህርት ቤት መምህራችን እግዚአብሔር ያደረገልንን እንድንመሰክር ጠየቀችን። አንዱ ድመቱ መውለዷን መሰከረ። አንዷ ጥርሷ መብቀሉን። ይህማ ምን ምስክር ነው ብዬ ተነሳሁ።

“እኔ እናቴ ዶክተር ልትሆን ስለሆነ አመሰግናለሁ” አልኩ። “የሰው ጭንቅላትም አላት።”

ገና ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ምሳ ሳንበላ ጋሼ ኦቢ በራችን ላይ ደረሱ። ጋሼ ኦቢ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ደዋይ ናቸው። አንድ እግራቸው ጫማ አድርጓል፤ ሌላውን ጫማ በእጃቸው ይዘዋል።

“ቨርኒስ፣ ይህችን አውራ ጣቴን እይልኝ” አሉ፣ እግራቸውን ወንበር ላይ እየሰቀሉ። “ከገና ጀምሮ አላስተኛ ብላኛለች።”

“እኔ? እኔ ምን ላድርግልዎ ጋሼ ኦቢ?”

“አትደብቂኝ። ልጅሽ በጉባኤ መስክራለች።”

እናቴ ዞር ብላ አየችኝ። አክስቴ ዩላ በማድ ቤቱ በር እጇን አፏ ላይ ጭና ትንፈቀፈቃለች። እናቴ መቼም ሰው አታሳፍርም፤ ጎንበስ ብላ እግሩን አየች፣ ጫማውን አየች፣ መልሳ እግሩን አየች።

“ጫማው ጠቦዎታል” አለች። “ሰፋ ያለ ያድርጉ።”

ጋሼ ኦቢ ሳምንቱን በነጠላ ጫማ ዋሉ፤ ጣታቸውም ዳነች። በሰፈራችን ደግሞ ጋሼ ኦቢ የዳኑበትን ነገር የማያውቅ ሰው የለም፤ ደወሉን ሲደውሉ ሳይቀር ይናገሩታል።

ጥፊዬን ስጠብቅ ዋልኩ፤ አልመጣም። ያኔ እናቴ ስለኮራችብኝ ነው ብዬ ነበር። በኋላ ሳድግ እንደነገረችኝ ግን ጭንቅ ይዟት ነው። እውነቱን ብትነግረኝ እውነቱን እነዛዋለሁ፤ አደገኛው ደግሞ እውነቱ ነው። ዶክተር የሚለውን ግን ማን አምኖ ለሚስስ ፕሬንቲስ ይነግራል?

የሚስስ ፕሬንቲስ ወጥ ሠሪ ነገረቻት።

ሰኞ እናቴ ከሄደች ሳትቆይ ተመለሰች። የልብስ ቅርጫቷ ባዶ ነው። አክስቴ ምን ሆንሽ አለቻት።

“በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ” አለች እናቴ። “‘ዶክተር ቨርኒስ’ አለችኝና ሳቀች። ምንድነው የምትማሪው ብላ ስትጠይቀኝ አልዋሸሁም፤ ነገርኳት። ‘እንግዲያ ዶክተር የእኔን ሸሚዝ አያጥብም’ ብላ ቅርጫቴን ሰጠችኝ።”

እኔ ደረቴ በኩራት ሊፈነዳ ደረሰ። ነጯ ሴትዮ ሳትቀር ዶክተር ብላ ጠርታታለች። ያን ሳምንት ጠዋትም ማታም ባቄላና የበቆሎ ዳቦ ብቻ ስንበላ፣ የዶክተር ቤት ምግብ እንዲህ ነው ማለት ነው ብዬ በልቼ አደርኩ።

“ይህችን ምላስ ቆርጠሽ ለዶሮ ስጪያት” አለች አክስቴ እኔን እያየች።

“ይተዋት። በአንድ ጊዜ ሁለት ዛፍ ልውጣ ያልኩት እኔ ነኝ” አለች እናቴ። “አሁን አንዱ ዛፍ ነው የቀረኝ። እሱን እወጣለሁ።”

ፈተናው ሐሙስ ነው፣ አትላንታ። ተፈታኝ ሁሉ ጸጉሯን የምትሠራላት ሴት ይዛ መቅረብ አለባት፤ ያልያዘች አትፈተንም፤ ቀጣዩ ፈተና ደግሞ ከወራት በኋላ ነው። ጎረቤታችን እትዬ ክሎቲል እሄድልሻለሁ ብላ ነበር። የእትዬ ክሎቲል ጸጉር ማበጠሪያ ሰባሪ ነው፤ እሱን የተኮሰ ምንም ይተኩሳል። እኔ የሰማሁት ግን እናቴ በአጥሩ በኩል ያለቻትን ብቻ ነው፦ “አንቺ ዝም ብለሽ ትቀመጫለሽ። ፈታኞቹ ከላይ ቆመው ያዩናል። እጄ ጥሩ ነው፣ አትፍሪ።”

እትዬ ክሎቲል አሳዘነችኝ። ረቡዕ ከሰዓት እናቴ ወደ ገበያ ስትወጣ ላጽናናት ሄድኩ። በረንዳዋ ላይ አተር ትፈለፍላለች።

“እትዬ ክሎቲል፣ አይዞሽ፣ ብዙም አያምም” አልኳት። “ያለፈችው ሴትዮ ምንም አላለቀሰችም።”

“የቷ ሴትዮ?”

“እኛ ቤት ያለችው። አልጋ ሥር።”

ሳቀች። ሳቋ ግን መሀል ላይ ቆመ። “ጸጉሬን ልትሠራኝ ነው እኮ” አለችኝ፤ እኔን የምትጠይቅ ይመስል። ጸጉር እናቷም ትሠራታለች፣ ለጸጉር አትላንታ ምን ያስኬዳል አልኳት። አተሩን ከጭኗ ላይ አራገፈችና “እስኪ አሳዪኝ” አለች።

መጋረጃው ስለተዘጋ የእናቴ ክፍል ጨለም ይላል። ቦርሳውን ከፈትኩላት። መጽሐፉንም ስዕሉ ጋ ገለጥኩላት። እትዬ ክሎቲል እድሜዋን ሙሉ በትልቁ ሆስፒታል የጓሮ በር የገባ ጥቁር በእግሩ አይወጣም እየተባለ ሲነገራት ያደገች ሴት ናት፤ ይህን የምትለውም እሷ ብቻ አልነበረችም፤ ያለ ምክንያትም አልነበረም፤ ጥቁሩን ሳያስፈቅዱ መለማመጃ ያደረጉ ሐኪሞች ነበሩ።

“ለጸጉር የራስ ቅል ምን ያደርጋል?” አለች በሹክሹክታ።

የቀረውን አተር እንኳ ሳታነሳ በማታው አውቶቡስ እህቷ ጋ ሳቫና ሄደች።

ሐሙስ ጎህ ሲቀድ እናቴ ነጭ ጋዋኗን ለብሳ፣ ቦርሳዋን ይዛ የእትዬ ክሎቲልን በር አንኳኳች። ባሏ በፒጃማ ወጥቶ የሆነ ነገር አላት። ተመልሳ መጥታ የበረንዳችን ደረጃ ላይ ቁጭ አለች። ቦርሳው ጭኗ ላይ ነው። አላለቀሰችም፤ እኔ ግን እናቴ በጠዋት ሥራ ፈትታ ስትቀመጥ አይቼ ስለማላውቅ አጠገቧ ሄጄ ቁጭ አልኩ።

“እኔን ውሰጂኝ” አልኳት። “እኔም ጭንቅላቴን ያመኛል።”

“ልጅ አይቀበሉም፣ ኦራሊ።”

“እትዬ ክሎቲል ክፉ ናት።”

“ሰው ይዞ መቅረብ የእኔ ሥራ ነው፤ የክሎቲል አይደለም። ብትቀርብኝ ብዬ ሌላ ሰው መያዝ ነበረብኝ” አለች። ከዚያ ለራሷ ቀስ ብላ፣ “አልያዝኩም” አለች።

ከኋላችን በሩ ተከፈተ። አክስቴ ዩላ የእሑድ ካፖርቷን ለብሳ፣ ባርኔጣዋን አድርጋ፣ የእጅ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ቆማለች።

“ተነሺ፣ አውቶቡሱ ያመልጠናል” አለች።

“የት ልንሄድ፣ እትዬ ዩላ?”

“የጠፋሽ ጭንቅላት አይደል? ይኸው ጭንቅላት።”

እናቴ ቀና ብላ አየቻት። “ባርኔጣውን ማውለቅ ይኖርብዎታል” አለች። “ሰው ፊት። በቀን ብርሃን።”

“ጠፍቶኝ መሰለሽ?” አክስቴ ደረጃውን መውረድ ጀመረች። “ያልተማረ እጅ ምን እንደሚያደርግ ከእኔ አናት በላይ የሚያውቅ የለም። ስንት ወር ሙሉ የለፈለፍኩት ወድቀሽ እንዳላይሽ ፈርቼ ነው። አሁን ሂጂ፣ ሳልመለስ።”

የሚጠብቀኝ ሰው ስላልነበረ እኔንም ወሰዱኝ። በአውቶቡሱ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ ከባርኔጣው ዓይኔን አልነቀልኩም። አክስቴ ለእናቴ ስትል አእምሮዋን ልታጣ ነው። ዛሬ ማታ ስሜን ታውቀው ይሆን? እያልኩ መንገዱን ሙሉ ተጨነቅሁ። ብትረሳኝስ ብዬ አንድ ጊዜ “እኔ ኦራሊ ነኝ” አልኳት።

“እንዴት ይረሳል” አለችኝ።

ፈተናው አንድ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ነበር። እኔን ከኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጡኝ፤ በሩ ግን ገርበብ ብሎ ስለነበር ሁሉንም አያለሁ። ነጭ የለበሱ ሴቶች በረድፍ ቆመዋል፤ በየፊታቸው አንዳንድ ሴት ተቀምጣለች። ብረት ይግላል፣ ቅባት ይሸታል፣ ጢስ ይነሳል። አገር ሙሉ ዶክተር ተሰብስቧል አልኩ።

አክስቴ እጇን ወደ ባርኔጣዋ ስትሰድ ዓይኔን ጨፈንኩ። የሚበን ነገር ድምፅ ካለው ብዬ አዳመጥኩ። ምንም አልሰማሁም። ስገልጥ ባርኔጣው ጭኗ ላይ ነው። ዙሪያውን ሽበት የቀላቀለ ጥሩ ጸጉር አላት፤ መሀል አናቷ ላይ ግን የእጅ መዳፍ የሚያህል ቦታ ራቁቱን ያብለጨልጫል። በቃ፣ በዚያ በኩል ነው አእምሮዋ የበነነው አልኩ፤ ማልቀስ ጀመርኩ።

አክስቴ ኮረዳ ሳለች ለጭፈራ ልትሄድ አንዲት ጎረቤት ጸጉሯን ላለስልሰው ብላ የሳሙና መሥሪያ ኮስቲክ ሶዳ ከድንች ጋር ለውሳ ቀብታታለች። የተቃጠለው ቆዳ ጸጉር አላበቀለም። ጭፈራውም ቀረ፣ ሊያገባት የነበረውም ሰው ቀረ። ይህን የሰማሁት ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው። እናቴ ግን ያን ጠዋት አክስቴ ባርኔጣዋን ስታወልቅ ነው ቃጠሎውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየችው፤ በዚያ ሁሉ ዓመት አንድ ጣሪያ ሥር ኖረው።

ወረቀት የያዘች ፈታኝ መጥታ አጠገባቸው ቆመች። ጎንበስ ብላ ያን ራቁት ቦታ አየች።

“ሌላ ሰው አላገኘሽም?” አለቻት።

“ይዤ የመጣሁት እሷን ነው። እሷን እሠራለሁ” አለች እናቴ። “የቆየ ቃጠሎ ነው። ይህ ቆዳ ዘይት አያወጣም፣ ሙቀትም ቶሎ አይሰማውም፤ ስለዚህ ብረት አላስጠጋበትም። ከዳሩ ጀምሬ፣ ብረቱን ከቆዳው አርቄ እሠራለሁ። ከጎን የሚመጣውን ጸጉር አዙሬ አለብሰዋለሁ።”

“በዚህ ቦታ ሥር ያለው አጥንት ምን ይባላል?”

እናቴ ልብስ ስታጥብ የምታነበንበውን ያን ስም ሳትሰናከል ተናገረች። እኔም በከንፈሬ አብሬያት አልኩት።

“እኔም አንድ ነገር ልናገር” አለች አክስቴ።

“ሞዴል አትናገርም፣ እማማ።”

“እሺ፣ አልናገርም። ግን እስካሁን አላቃጠለችኝም። እሱን ጻፊው።”

ሲያልቅ እናቴ መስታወት ሰጠቻት። ያ ራቁት ቦታ የለም። ጸጉሯ ከጎን ተነስቶ ለስልሶ፣ ተጠቅልሎ አናቷን ሸፍኖታል። አክስቴ ዩላ መስታወቱን ይዛ አናቷን በጣቷ ነካ አደረገች። እንባዋ ወረደ፤ እኔም ቀዶ ሕክምናው አሟት ነው አልኩ። ግን ድናለች! መላጣ ገብታ ጸጉር ይዛ ወጣች፤ ይህንን በዓይኔ አይቻለሁ። አሁን በሰባዎቹ ውስጥ ሆኜም፣ የጸጉር አሠራሩ ጥበብ መሆኑን ጠንቅቄ እያወቅሁ፣ ያን ቀን ያየሁት ሕክምና አልነበረም ብሎ የሚከራከረኝ ሰው አልወድም።

ወደ አውቶቡሱ ስንሄድ ዝናብ ጣለ። ጸጉር የተተኮሰች ሴት ከዝናብ ጋር ያላትን ጠብ እኔም አውቃለሁ፤ አንድ ጠብታ ካገኘው የጠዋቱ ድካም ሁሉ ገደል ገባ፣ ጸጉር ተመልሶ ይንጨፈረራል። በመንገዱ ያሉ ሴቶች ሁሉ ጋዜጣ ደፍተው፣ ጃኬት ተከናንበው ይሮጣሉ።

“ባርኔጣዎን፣ እትዬ ዩላ፣ ቶሎ” አለች እናቴ።

አክስቴ ባርኔጣዋን በእጇ ይዛለች። አየቻት። ከዚያ የእናቴን ቦርሳ ቀማቻትና፣ ማበጠሪያዎቹ ባሉበት በኩል ባርኔጣዋን ደፋችበት።

“ብረት ከዛገ ዛገ ነው” አለች። “ጸጉሬን እንደሆነ የሚሠራልኝ ሰው አውቃለሁ።”

ባዶ ራሷን፣ ዝናቡ እየወረደባት፣ ሳትቸኩል ሄደች። ጸጉሯ አውቶቡሱ ጋ ሳንደርስ ተነሥቶ ቆመ። እናቴ ከኋላ ከኋላዋ እየተከተለች ታለቅሳለች። እኔም ሁለቱም ሲያለቅሱ ፈተናውን ወደቅን ማለት ነው ብዬ አብሬያቸው አለቀስኩ።

አልወደቅንም። ወረቀቱ ወሩ ሳያልቅ መጣ፤ ጋሼ ታሊም ቁልፉን ሰጡ። እናቴ የጫማ ቀለሙን ከወለሉ ፍቃ ፍቃ አስለቀቀች፣ ወንበር ተከለች፣ በመስኮቱ ላይ ስሟን አጻፈች፤ ስሟን ብቻ። በዚያ መስኮት ገቢ አባቴ የባቡሩን ሥራ ተወ፣ እኔ ኮሌጅ ገባሁ፣ ሚስስ ፕሬንቲስም ሸሚዟን ራሷ አጠበች።

ሱቁ የተከፈተ ቅዳሜ በሩ ላይ ሰልፍ ነበር። ከፊት እትዬ ክሎቲል ቆማለች፤ ከሳቫና ተመልሳ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ። እናቴ ደህና አደርሽ አለቻት እንጂ ሌላ ነገር አልተናገረቻትም። ከእሷ ኋላ ጋሼ ኦቢ፣ ደግሞ የሌላኛውን እግራቸውን ጫማ በእጃቸው ይዘዋል። ወንበሩ ላይ ግን የተቀመጠችው ባርኔጣዋን ቤት ትታ፣ ያን ጨፍራራ ጸጉሯን ለአደባባይ አሳይታ፣ የመጀመሪያ ደንበኛ ነኝ ብላ ጎህ ሳይቀድ የመጣችው አክስቴ ዩላ ናት።

ጋሼ ኦቢ አልታገሡም፤ ሰልፉን አልፈው ገብተው እግራቸውን ሊሰቅሉ ወንበር ፈለጉ። እኔ እናቴ አሁንም ልትደብቅ ነው፣ ዶክተር አይደለሁም ልትል ነው ብዬ ተጨነቅሁ። እናቴ ግን ማበጠሪያዋን እያጋለች ነበርና አልሰማቻቸውም።

“ተራህን ጠብቅ፣ ኦቢ” አለች አክስቴ ዩላ፣ ራሷን ሳታነቃንቅ። “ዶክተሯ በሽተኛ ይዛለች።”